ድስቱ ሳይጣድ በፊት፦ ቆቅና ጅግራ ስትሠሩ እንዳትታመሙ

መርሳ አካባቢ ያደገ ልጅ ማማ ላይ ሳይወጣ አያድግም። ማሽላው ማሸት ከጀመረ ወንጭፍ ይዘን ከንጋት እስከ ምሽት ወፍ ስናባርር ነው የምንውለው። ታዲያ ከዋኖሶቹ አንዷ ድንጋይ ከቀመሰች የእኛ ምሳ ሆነች ማለት ነው። ላባዋን በእጃችን ነጭተን፣ የአገዳ እሳት ላይ ጥለናት፣ ቆዳዋ ሲጠቁር "በሰለች!" ብለን እንሻማባታለን። አጥንቷ ጋ ገና ቀይ ነው። እጅ መታጠብ? ውሃው ወንዝ ውስጥ፣ እኛ ማማው ላይ።

አንዴ እንዲህ በልተን በሦስተኛው ቀን ቁርጠትና ተቅማጥ ጣለኝ። አያቴ "ቡዳ በልቶት ነው" አለች፣ ጎረቤት "ምች ነው" አለ፣ ዳማ ከሴ ተጨምቆ ተጠጣ። ዋኖሷን ግን ማንም አልጠረጠራትም። ማን ከሦስት ቀን በፊት የበላውን ያስታውሳል!

ዛሬ ስገምት ያኔ የጣለኝ ካምፒሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ይመስለኛል። የወፍ ሰውነት ሙቀቱ ከእኛ ከፍ ይላል፣ 41 እና 42 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ይህ ባክቴሪያ ደግሞ እንደዚያ ያለ ሙቀት ይመቸዋል። ወፏን ምንም ሳያደርጋት አንጀቷ ውስጥ ይኖራል። ሰው ላይ ሲገባ ግን ከ2 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው የሚነሳው። ሳልሞኔላ የሚባለው ሌላው ባክቴሪያ ፈጠን ይላል፤ አንዳንዴ በዚያው ቀን፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ሆድ ይይዛል።

ይህን የምጽፈው ቆቅም ጅግራም ለሚሠራ ሰው ነው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ እንደሚያስቀጣ ታውቃላችሁ፣ እሱን ለእናንተው ትቼዋለሁ። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ሁለት ሰዓት የተንተከተከ ወጥ ውስጥ በሕይወት የሚቆይ ጀርም የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ የሚገባው ከዚያ በፊት ነው፦ ወፏ ስትመረጥ፣ ስትነጭ፣ ሆዷ ሲከፈት፣ በዚያው ቢላ ቲማቲም ሲከተፍ።

መጀመሪያ የወፏ ምርጫ። ወሎ ነውና ሙስሊሙ በቢስሚላህ፣ ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ ሞቶ የተገኘውን ግን ሁለቱም በክት ነው ብለው አይነኩትም። ሸጋ ሕግ ነው። ምን ገድሎት እንደሞተ የማይታወቅ ወፍ መብላት እብደት ነው፣ ሃይማኖቱ ባይኖር እንኳ።

ግን ሽንቁር አለው። ፈንግል ሰፈር ውስጥ ሲገባ ምን እንደምናደርግ አስቡ። ዶሮዋ ክንፏን ጥላ፣ ላባዋን አጎፍራ፣ አንገቷ ዞሮ ጥግ ላይ ስትቆም "ቶሎ በል፣ ሳትበክት እረዳት!" ይባላል። እኛም ቤት ተደርጓል። ታርዳለችና በክት አይደለችም፣ ሕጉ አልተጣሰም። በሽታው ግን ቢላ ስላረፈባት አልወጣላትም። እንዲያውም በሽታ የያዛት ወፍ ጀርሟን በብዛት የምትረጨው በዚያው ሰዓት ነው፣ በምራቋም በኩሷም በደሟም። ፈንግል ራሱ ሰው ላይ የሚያደርሰው ከባድ አይደለም፣ ዓይን ያቀላል፣ ያሳክካል፣ ይተዋል። ግን ዓይታችሁ ፈንግሉን ከወፍ ጉንፋን መለየት አትችሉም። ሐኪሙም ያለ ላቦራቶሪ አይለየውም።

የዱር ወፍ ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። ጤነኛ ቆቅ በእጅ አትያዝም። "እሱ እኮ ቆቅ ነው" የምንለው ዝም ብለን አይደለም፣ ከሩቅ ኮቴ ሰምታ ነው የምትፈተለከው። ስለዚህ አንዲት ቆቅ ቁጥቋጦ ሥር ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ፣ ሄጄ አነሳኋት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዕድለኛ አትበሉት። ወይ ታማለች፣ ወይ ተመርዛለች። መንገድ ዳር እግሯን አስረው የሚሸጧትንም ቢሆን ዓይኗን እዩ። ካንቀላፋች፣ ከአፍንጫዋ የሚወርድ ነገር ካለ፣ ከሥሯ ያለው ላባ በኩስ ከተጨማለቀ እለፏት። ርካሽ መሆኗ ምክንያት አይሆንም።

የውሃ ወፎች ለብቻቸው ይታዩ። ሐይቅ ከተማ ሄዶ የሐይቁ ዳር የቆመ ሰው ያውቃል፣ ከመስከረም በኋላ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች ይመጣሉ፣ እስከ መጋቢት ገደማ ይቆያሉ። አርዲቦም እንዲሁ። የወፍ ጉንፋን ቫይረሶች ዋና ቤታቸው እነዚህ የውሃ ወፎች ናቸው፣ ዳክዬ ደግሞ ቫይረሱን ይዛ ደህና መስላ ልትዋኝ ትችላለች። ከክርስቲያኑ ብዙው ዳክዬ አይበላም፣ ስለዚህ ለብዙ ቤት ጥያቄው የምግብ አይደለም። ልጆች ግን ዳር ላይ ሞታ ያገኟትን ይጎትታሉ፣ ላባዋን ጌጥ ያደርጉታል።

ላባ መንካት ምን ያደርጋል የሚል ካለ ይህን ይስማ። በፈረንጆቹ 2006 አዘርባጃን ውስጥ ኤች5ኤን1 የሚባለው የወፍ ጉንፋን ወጣቶችን ገደለ። የተያዙት ስዋን የሚባሉ ትልልቅ የዱር የውሃ ወፎችን ሥጋ በልተው አይደለም። በሽታው የፈጃቸውን ወፎች ላባ ነጭተው ነው። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ፣ ምክንያቱም እዚያም እንደ እኛ አገር መንጨት የሴት ሥራ ነው። እኛ ጋ አራጁ ወንዱ ነው፣ አርዶ ቢላውን ጠርጎ ይሄዳል። ቀሪውን አንድ ሰዓት ከላባው፣ ከእንፋሎቱና ከአንጀቱ ጋር የምታሳልፈው እናት ናት፣ ያውም ብዙ ጊዜ ልጅ አዝላ። ይህ ቫይረስ ከ2003 ወዲህ ከ900 በላይ ሰው ላይ ተገኝቷል፣ ከእነሱ ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። ሰው ላይ በቀላሉ አይገባም፤ ከገባ ግን እንዲህ ነው።

አሁን ደግሞ መፍላት የማይፈታው ነገር። ቆቦና ከሚሴ ቆላ ያላችሁ ግሪሳን አታጡትም። ደመና ሆኖ መጥቶ የአንድ ዓመት ማሽላ በቀናት ውስጥ ያወድማል፣ ያኔ አውሮፕላን መጥቶ ይረጫል። ለዚህ ሲረጭ የኖረው ፌንቲዮን የሚባል መድኃኒት ነው፣ ወፍን የሚገድለው ነርቧን መትቶ ነው፣ የሰውም ነርቭ እንደዚያው ነው የሚሠራው። ከርጭት በኋላ መሬት ላይ የተነጠፈውን ግሪሳ፣ ወይም ያን ግሪሳ አጠገብ የደነዘዘች ዋኖስ ለቅሞ መጥበስ መርዝ መጥበስ ነው። ጀርም በእሳት ይሞታል። መርዝ ግን ሕይወት የለውም፣ ምን ይሞታል? በቆዳም ስለሚገባ በባዶ እጅ መልቀሙም ልክ አይደለም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ሲመጣም ተመሳሳይ ነገር ነበር፣ የተረጨበትን አንበጣ ወፍ ይለቅማል፣ ወፏን ሰው ይለቅማል። ርጭት ባለበት ሰሞን ከነገሩ ጦም እደሩ። የበላ ሰው ምራቁ ከበዛ፣ ካላበው፣ ካስመለሰው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ወተት ምናምን እያሉ ጊዜ ማባከን የለም፣ በቀጥታ ሆስፒታል። መድኃኒት አለው፣ ዋናው ሰዓቱ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ "ምግብ ማብሰል የማይፈታው የወፍ ሥጋ" ነገር ጥንታዊ ነው። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ላይ ሕዝቡ ድርጭት በልቶ ሲቀሰፍ ይነበባል፣ ቁርኣንም መንና ሰልዋን ያነሳል፣ ሰልዋው ድርጭት ነው ይላሉ። ዛሬ ሐኪሞች የሚያውቁት አንድ በሽታ አለ፣ ሜዲትራኒያን ዳር በስደት ጊዜዋ የተያዘች ድርጭት የበላ ሰው ጡንቻው ይፈርሳል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል። መቀቀልም መጥበስም አያድነውም። ለእኛ ብርቅ ነገር ነው፣ ግን ወፍ በልቶ ጡንቻው ያመመውና ሽንቱ ቡና የመሰለ ሰው ካያችሁ "ድካም ነው" ብላችሁ አትለፉት።

እሺ፣ ወፏ ጤነኛ ናት እንበል። አርዱ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው።

ቦታው ውጭ ይሁን፣ ዶሮዎቻችሁ ከሚለቅሙበት ራቅ ያለ። ቡና የሚፈላበት ጎጆ ውስጥ አይነጭም። ነፋሱ ወደ እናንተ ሳይሆን ከእናንተ ወደ ውጭ እንዲሄድ ሆናችሁ ተቀመጡ። ጓንት ካለ ሸጋ፣ ከሌለ ያልተቀደደ ፌስታል እጅ ላይ አስሩ፤ ያስቃል ግን ይሠራል። በተለይ ጣቱ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ያለ መሸፈኛ አይንካ። አፍና አፍንጫን በማስክ ወይም በነጠላ ሸፍኑ። ወንዶች ደግሞ ያንኑ ሽርጥ ለብሳችሁ ገበታ ላይ እንዳትቀርቡ! ለዚህ ሥራ የሚሆን አሮጌ ልብስ ልበሱ፣ ሲያልቅ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት።

ላባውን ደረቁን አትንጩ። ይህቺን አጥብቄ ነው የምላችሁ። ደረቅ ላባ ሲነጭ አቧራውና የደረቀው ኩስ ይበናል፣ ከዚያ ብናኝ ሲታኮሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ ይመጣል፤ ርግብና በቀቀን ላይ የሚታወቅ ነው፣ ሌላም ወፍ ላይ ይገኛል። ወፏን ከእግሯ ይዛችሁ በባልዲ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ፣ ላባው ጎተት ሲደረግ እስኪለቅ። እንደዶሮው ማለት ነው። ከዚያ እርጥቡን ላባ በፌስታል እየከተታችሁ ንጩ። የቀረውን ጸጉር በነበልባል ለብልቡት፣ ግን መለብለቡን ማብሰል እንዳትሉት፣ ከላይ ነው የሚነካው። ልጅ ያዘለች እናት ልጇን ለሌላ ሰው ትስጥ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ሥራውን ሌላ ሰው ይያዝላት፣ ባል ቢነጭ ምን ይሆናል?

ሆዷን ስትከፍቱ ቢላውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ቆዳውን ብቻ ቅደዱ። አንጀት ከተቀደደ ያ ሁሉ ባክቴሪያ ሥጋው ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። እኔ አጎቴ ሲያደርግ ያየሁትን ነው የማደርገው፦ መጀመሪያ አንገቷ ሥር እህል የሚጠራቀምባትን ከረጢት ሳይፈነዳ ያላቅቃል፣ ከዚያ ከታች በኩል ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ያበጃል፣ ጣቱን ከደረት አጥንቷ ሥር አሳልፎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስቦ ያወጣል። ቆም ብሎ ጉበቷን በብርሃን ያያታል። ነጫጭ ነጠብጣብ ካለባት፣ ካበጠች፣ ወይ ከሸተተች ወፏን እንዳለች ይቀብራል፣ "ጉበቷ ያልጣመችኝን ሥጋዋ አይጥመኝም" ይላል። ጤነኛ ጉበት ግን ወፏ ጤነኛ ለመሆኗ ማረጋገጫ አይደለም፣ ይህን እሱም ያውቃል። በጥይት ወይም በእርሳስ የተመታች ከሆነ ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ሰፋ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ እርሳስ በማብሰል አይጠፋም።

አሁን ወደሚያጣላን ነገር እንግባ፣ ማጠቡ። ውጭ አገር ያሉ የጤና ባለሙያዎች የወፍ ሥጋን ጨርሶ አትጠቡ ይላሉ፣ ውሃው ሲረጭ ጀርሙን በየቦታው ያዳርሳል ብለው። ትክክል ናቸው። ግን የወሎ እናት ዶሮን በሎሚና በጨው አሥር ውሃ ሳታወርድ ትሠራለች ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው፣ እናቴ ብትሰማኝ ቤት አታስገባኝም። ስለዚህ በመሃል እንገናኝ። በቧንቧ ሥር አትጠቡ። ጠልቀቅ ያለ ሳፋ ውስጥ ውሃውን አስቀድማችሁ ሙሉ፣ ሥጋውን ቀስ ብላችሁ አስገቡ፣ ሳታንቦጫርቁ እሹት። እጣቢውን ሽንት ቤት ድፉት፣ ግቢ ላይ ከደፋችሁት ዶሮዎቹ ይጠጡታል። ሎሚው ሽታውን ይወስዳል እንጂ ጀርሙን ይገድላል ብላችሁ አትተማመኑበት። ሲያልቅ ሳፋውም መክተፊያውም ቢላውም መጀመሪያ በሳሙና ይታጠቡ፣ ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በርዛችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩበት፣ ከዚያ አለቅልቁት። በረኪናን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ እንፋሎቱ ሳንባ ያቃጥላል።

እጅ 20 ሰከንድ በሳሙና። የቧንቧ ውሃ ከሌለ የሃይላንድ ክዳን በስታችሁ አንጠልጥሉት፣ ሳሙና ከጠፋ አመድም ቢሆን ይሠራል። ቃሪያው፣ ሰላጣው፣ ቲማቲሙ ወፏ ከመነካቷ በፊት ተከትፎ ከድኖ ይቀመጥ። እኔ ብዙ ቤት ያየሁት ጥፋት ይሄ ነው፦ ወጡ በደንብ በስሏል፣ አጠገቡ ያለው ሰላጣ ግን በዚያው መክተፊያ ተከትፏል። ሰው ይታመማል፣ ጥፋተኛ የሚሆነው ወጡ ነው።

ማብሰሉ ላይ አብሽሩ፣ እኛ አገር ወጥ ስለሆነ ይቀላል። ሥጋው መሃሉ ድረስ 74 ዲግሪ ከደረሰ ባክቴሪያውም ቫይረሱም አለቀለት። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለዚህ ነው ቆቅ እዚያ ጦሳ ተራራ ሥር ስትሠራ ኮምቦልቻ ከሚፈጀው በላይ ከሰል የምትፈጀው። ያም ሆኖ 92 ከ74 ይበልጣል፣ ችግር የለም፣ ጊዜ ብቻ ስጧት። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ታፋዋን ከመገጣጠሚያው ይሞክር፤ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ከለቀቀ፣ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ካለ፣ አጥንቱ ጋ ሮዝ ቀለም ከሌለ ደህና ነው። ጨው ለመቅመስ ሥጋው ከገባ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ጥሬውን ያማሰላችሁበትን ማንኪያም ታጥቦ ካልሆነ አትላሱት። ጥብስ ካማራችሁ ደግሞ ሥጋውን በትንንሹ ክተፉ፣ ሙሉዋን እሳት ላይ መወርወር የእረኛ ነው፣ ውጤቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። እኛ ቁርጥ ወዳድ ነን፣ ለብለብም እንላለን። በወፍ ግን ለብለብ የለም።

ሙቀት ያለበት አገር፣ ባቲ፣ ቆቦ፣ ከሚሴ፣ የታረደች ወፍ ሆዷ ሳይወጣ ጥላ ሥር ብትሰቀልም ትበላሻለች። ወዲያው አውጡት። ሳይበስል ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይደር፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ አንድ ሰዓት። ፍሪጅ ካለ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፣ ግን መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ጠዋት ከመጣ አትመኑት። ፍሪዘር ጀርምን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። የተረፈውንም ወጥ ሙቅ ሙቅ ሳይሆን እስኪንተከተክ አሙቁት።

ላባ፣ አንጀት፣ ጭንቅላት ይቀበር፣ ክንድ ያህል ጠልቆ፣ ውሻ እንዳያወጣው ድንጋይ ይጫንበት። ለድመት ጥሬ አንጀት መጣል ልማድ ነው፣ ግን ድመት በወፍ ጉንፋን ትያዛለች፣ ትሞትማለች፣ ከመሞቷ በፊት ደግሞ መጥታ ፍራሻችሁ ላይ ትተኛለች። ጫማችሁንም ወደ ዶሮ ቤት ከመግባታችሁ በፊት እጠቡ። በአንድ አካባቢ ብዙ ወፍ በአንድ ጊዜ ሞቶ ካያችሁ አትንኩ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተናገሩ። ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት በሽታ የሚመረምር ላቦራቶሪ አለ፣ ናሙናውን እነሱ ይወስዱታል፣ እናንተ በፌስታል ይዛችሁ ታክሲ እንዳትገቡ።

ወፏን ከነካችሁ በኋላ አሥር ቀን ያህል ራሳችሁን ተከታተሉ፣ ሲታኮሲስ ምልክቱ ሳይታይ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ደረቅ ሳል፣ የዓይን መቅላት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስትገቡ ደግሞ መጀመሪያ የምትሉት "ትኩሳት አለኝ" ብቻ አይሁን። ትኩሳት ያለው ሁሉ ወባ ወይ ታይፎይድ ተብሎ ነው የሚላከው። እኔም አንድ ጊዜ የርግብ ቤት ጠርጌ ሳል ሲይዘኝ ሁለት ዙር የታይፎይድ መድኃኒት ውጬ ነው የተመለስኩት፣ የጠየቀኝም የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። "ከሳምንት በፊት የዱር ወፍ ነጭቻለሁ" በሉ፣ ቀኑን ጨምራችሁ።